ከጎረቤትህ ጋር ትግባባለህ? የተሳሳተው መላሹ ነው ወይስ ጥያቄው?

እስቲ አንድ ነገር በሐሳባችሁ ሳሉ። ቦታው ጨንቻ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስበት ብርዳማው የጋሞ ደጋ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሸማ እየሠራ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ይዞ መጣ፤ ሰላምታ ተለዋወጡና ጥያቄው ተጀመረ።

«ከጎረቤትህ ጋር ትግባባለህ?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበና «አዎ፣ እሱም ጋሞኛ ይችላል» አለ።

መረጃ ሰብሳቢው «አዎ» የሚለውን ነካ አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ወጣቱና ጎረቤቱ ግን በአጥር ምክንያት ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል።

ይህን ወጣት በሐሳብ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። «መግባባት» የሚለውን ቃል ግን አልፈጠርኩትም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ፊት እንዳለውም ታውቃላችሁ። አንደኛው ቋንቋ ለቋንቋ መሰማማት ነው። ሁለተኛው ተስማምቶ፣ ተዋዶ መኖር ነው። ጠያቂው የፈለገው ሁለተኛውን ነበር፣ መላሹ የመለሰው የመጀመሪያውን። ልጁ አልዋሸም፣ አልተሳሳተምም። ታብሌቱ ውስጥ የገባው መረጃ ግን ስህተት ነው።

አሁን ደግሞ ወጣቱ ኦቲዝም ያለው ሰው ነው እንበል። የጥናቱን ሪፖርት የሚጽፈው ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እንዲህ ዓይነት ሰዎች ጥያቄ በአግባቡ ስለማይረዱ ወላጆቻቸውን መጠየቅ ይሻላል።» ዛሬ የምሞግተው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። ለሙግቱ የሚረዳኝ ደግሞ አንድ ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት የተጻፈ መመሪያ አለ፤ እሱንም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጥሩ መመሪያ ነው፤ ግን የተጻፈው ለእኛ አገር አይደለም።

አንድ ጥያቄ ምን ያህል ሰው ይደብቃል?

«አንድ ቃል ቢሳሳት ምን ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። በቁጥር እንየው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 73,750,932 ሆኖ ተመዘገበ። ከእነዚህ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተቆጠሩት 805,492 ናቸው፤ 1.09 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ላይ ግን ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል አኃዝ ሰፍሯል። አሥራ ስድስት እጥፍ!

እዚህ ላይ ቸኩለን አንፍረድ። ሁለተኛው አኃዝ የመጣው አዋቂዎችን ብቻ ከጠየቀ ጥናት ነው፤ የአሰባሰቡ ስልትም ይለያል። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ ከጥያቄው የመጣ ነው አልልም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ አንዱ የጠየቀው ስለ አካል ጉዳት ዓይነት ነው፣ ሌላው የጠየቀው ሰው ዕለታዊ ነገሮችን ሲያደርግ ምን ያህል እንደሚቸገር ነው። «በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል የቤቱ ባለቤት ያፍራል፣ ይደብቃል፣ ወይም ቃሉ የእሱን ልጅ የሚመለከት አይመስለውም። «ለማየት ይቸገራል?» ሲባል ግን መልሱ ይመጣል።

ይህን ችግር ለመፍታት በ2001 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ቡድን የሚባል የአገሮች የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ተቋቋመ። ቡድኑ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጀ፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና ስለ… አዎ፣ ስለ መግባባት! ደስ የሚለው ነገር፣ የመግባቢያው ጥያቄ በአንድ ቃል አያበቃም። ሰውየው በለመደው ቋንቋ ሲጠቀም፣ ሌሎችን ለመረዳት ወይም በሌሎች ለመረዳት ይቸገር እንደሆነ ዘርዝሮ ይጠይቃል። የጨንቻው መጠይቅ የጎደለው ይህች ማብራሪያ ነበረች።

ይሁንና ስድስቱ ጥያቄዎች ኦቲዝም ያለውን ሰው አሁንም ሊያልፉት ይችላሉ። ያያል፣ ይሰማል፣ ይራመዳል፣ ይናገራል፤ ስለዚህ «አይቸገርም» ተብሎ ይመዘገባል። ቡድኑ ይህን ስላወቀ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሌላ ሰፋ ያለ መጠይቅ አወጣ፤ እሱ ለውጥ መቀበልንና ጓደኛ ማፍራትንም ይጠይቃል። እንግዲህ ያልተጠየቀ አይቆጠርም፣ ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት፣ መምህርና ክፍል አይመደብለትም።

መመሪያው ምን ይላል?

ወደ ዋናው ጽሑፍ እንሂድ። አሜሪካ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ «አስፓየር» የተባለ የምርምር ቡድን አለ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሐኪሟና ተመራማሪዋ ክርስቲና ኒኮላይዲስ ናቸው፤ ሌላው ዶራ ሬይሜከር ናቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ኦቲስቲክ ናቸው። የቡድኑ ልዩ ነገር ይሄ ነው፤ ኦቲስቲክ ሰዎች እንደ «ናሙና» ሳይሆን እንደ ተመራማሪ ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ለዓመታት የተማሩትን ሰብስበው ለኦቲስቲክ አዋቂዎችና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላላቸው ሰዎች እንዴት መጠይቅ እንደሚዘጋጅ ጻፉ።

ምክራቸው በአጭሩ ይህን ይመስላል። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አስቀድማችሁ ንገሩ። ዓረፍተ ነገሩን አቅልሉ። ፈሊጥ አውጡ። ድፍን ቃልን በተወሰነ ቃል ተኩ። ከባድ ቃል ካለ ትርጉሙን እዚያው አስቀምጡ። የመልስ አማራጮችን በሥዕል አሳዩ።

«ይሄማ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር ነው!» ካላችሁ ልክ ናችሁ። መመሪያውን የምወድደውም በዚህ ነው። አብዛኞቻችን ደካማ ጥያቄ ሲገጥመን በግምት እየጠገንን እናልፋለን። «ይሄን ማለቱ መሰለኝ» ብለን እንመልሳለን። ይሉኝታም አለ፤ እንግዳ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ «ጥያቄህ አልገባኝም» ማለት ይከብደናል። አንዳችን በአንድ መንገድ፣ ሌላችን በሌላ መንገድ እንጠግነዋለን። ጥያቄው መሰበሩን ማንም አያይም፤ መረጃው ግን የተለያየ ነገር ድብልቅ ይሆናል።

ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች እንዲህ አይጠግኑም። ፈሊጥ አይገባቸውም ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ አሳምረው ያውቁታል። የሚያስቸግራቸው ከሁለትና ሦስት ትርጉሞች የትኛው እንደተፈለገ ሳይነገራቸው አንዱን መምረጥ ነው። «የትኛውን ነው የምትለው?» ይላሉ፤ ወይም ዝም ይላሉ። ጠያቂው ይህን እንደ ጉድለት ይመዘግባል። እውነቱን ለመናገር ግን እነሱ የጥያቄውን ስንጥቅ ነው ያሳዩት።

አማርኛ ላይ ስናመጣውስ?

መመሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ ሰምና ወርቅ ያደገበት ቋንቋ መሆኑን አትርሱ። ለቅኔ ጸጋ የሆነው ነገር ለመጠይቅ ጣጣ ነው። አምስቱን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ጊዜ። «ገበያ ትሄዳለህ?» ብለን ብንጠይቅ ዘወትር ነው? ነገ ነው? ወይስ «አብረን እንሂድ» ማለታችን ነው? «ትሄዳለህ» የሚለው ግሥ የልማድንም የወደፊትንም ጊዜ በአንድ መልክ ይሸከማል። እንዲህ ብንለው ይሻላል፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ገበያ ሄድክ?» አንዳንድ ባለሙያ «ካለፈው ገበያ ወዲህ» የሚለው ለገጠር ሰው ይቀላል ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ገበያው በሳምንት ሁለቴ የሚቆም ከሆነ የትኛው ገበያ እንደሆነ ቀኑን ጥሩ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። «ከ2 ሰዓት በፊት ተኝተህ ነበር?» አንዱ ይህን «ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት» ብሎ ይሰማዋል፤ ሌላው «የዛሬ ሁለት ሰዓት ገደማ» ብሎ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በዚያ ላይ የጠዋቱ ነው የማታው? «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ላይ ተኛህ?» በቂ ነበር።

ሦስተኛ፣ አፍራሽ ጥያቄ። «ሰው የበዛበት ቦታ መቀመጥ አትወድም?» «አዎ።» አዎ ምን? አዎ አልወድም ነው ወይስ አዎ እወዳለሁ? ስንነጋገር በድምፁ ቃና እንለየዋለን። ታብሌት ላይ ግን ቃና የለም፣ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ናቸው ያሉት። የባሰ የሚሆነው «ሰው የበዛበት ቦታ አልወድም» ብለን ጽፈን «እስማማለሁ፣ አልስማማም» ስናስመርጥ ነው። አልወድም በሚለው አልስማማም… ማለትም እወዳለሁ? እናንተም አንዴ ቆም ብላችሁ አስባችሁ ነው የገባችሁ፣ አይደል?

አራተኛ፣ የአካል ፈሊጥ። አማርኛ ስሜትን በሆድ፣ በልብና በአንጀት ይናገራል። «ሆድ ይብስሃል?» «ልብህ ይርዳል?» ሐዘንን የሚለካ መጠይቅ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አንዱ ስለ ሐዘኑ ሲናገር ሌላው ስለ ጤናው ይናገራል። ፈሊጡን አውጥተን «ታዝናለህ?» ብንልም አልጨረስንም። ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች የሚሰማቸውን ስሜት ለይቶ ስም መስጠት ይከብዳቸዋል። ስሜቱ የለም ማለት አይደለም፣ ስሙ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የሚታየውን ነገር መጠየቅ ይረዳል፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ማልቀስ አሰኘህ? ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣህ?»

አምስተኛዋ ፊደል ናት፤ አንዲት «ብ»። «ዕድል አለህ» እንላለን፣ «ዕዳ አለብህ» እንላለን። ያቺ «ብ» ሸክምን ታመለክታለች። «ኦቲዝም አለብህ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ገና መልሱን ሳንሰማ ነገሩ ሸክም መሆኑን ወስነናል። መላሹም ይህን ይሰማል። አንዳንዱ በእርግጥ ሸክም ነው ይላል፣ መብቱ ነው። ግን እሱ ይበለው፤ ጥያቄው ቀድሞት አይበል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ኦቲዝም ያለው» እና «ኦቲስቲክ» እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ቴአትር ቤት ነው ሙዚየም?

ቋንቋውን ብናስተካክልስ? አሁንም አልበቃም። ኑሮው አለ።

በ2001 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቹ 50 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ አወጡ። በአንድ አዋቂ ላይ የኦቲዝም ባሕርያት ምን ያህል እንደሚታዩ በነጥብ ለመለካት የተዘጋጀ ነው፤ በብዙ አገሮች ተተርጉሞ ሥራ ላይ ውሏል። ከ50ዎቹ አንዱ ሰውየው ከሙዚየም ይልቅ ቴአትር ቤት መሄድን ይመርጥ እንደሆነ ይጠይቃል። አማራጮቹ አራት ናቸው፤ ሁለት የመስማማት፣ ሁለት ያለመስማማት። «ሁለቱም ቦታ ሄጄ አላውቅም» የሚል አማራጭ የለም።

ለእንግሊዝ ከተማ ሰው ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ሲዘጋጅም ለእሱ ነበር። አርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ የሚያለማ ወጣት ፊት አስቀምጡት እስቲ። አንዱ ሰው «ምን አገባኝ» ብሎ አንዱን ይነካል። ኦቲስቲኩ ወጣት ግን «የቱንም አላየሁም፤ እንዴት ልምረጥ?» ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱ እንደ ሳይንቲስት ያሰበው ሁለተኛው ነው።

የዓይን ነገርም አለ። ከኦቲዝም ጋር ከሚነሱ ምልክቶች አንዱ ሰውን ዓይን ለዓይን አለማየት ነው። እኛ ጋ ግን ልጅ ታላቅ ሲያናግረው አንገቱን ሰበር አድርጎ እንዲሰማ ነው የሚማረው። ቋንቋችን ራሱ ይመስክር፦ «ዓይን አፋር» ስንል ለስለስ እንላለን፣ «ዓይን አውጣ» ስንል እንሳደባለን። «ስታወራ ሰውን ዓይን ዓይኑን ታያለህ?» የሚል ጥያቄ እዚህ የሚለካው ኦቲዝምን ነው ወይስ አስተዳደግን? ጥያቄው ማንን፣ መቼ እንደሆነ ካልነገረን አናውቅም። «ከእኩያ ጓደኛህ ጋር ስታወራ» ብለን ብንወስነው ቢያንስ አንዱ መጋረጃ ይነሳል።

ትርጉሙ ልክ ሆኖ ጥያቄው ሲሳሳት

መጠይቅ ሲተረጎም አንድ የታወቀ መፈተኛ አለ። አንድ ሰው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ሌላ ሰው፣ የመጀመሪያውን ሳያይ፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከተመሳሰሉ ትርጉሙ አለፈ ይባላል። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ብዙ ስህተት ያድናል።

ግን «መግባባት»ን በዚህ ወንፊት አሳልፉት። ሲሄድ «መግባባት» ሆኖ ሄደ፣ ሲመለስም በትክክል ተመለሰ። ወንፊቱ አለፈው። የተሰበረው ጨንቻ ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለቱም ተርጓሚዎች ጠያቂው ምን እንደፈለገ ያውቃሉ፤ የማያውቀው መላሹ ብቻ ነው።

በጋሞ ዞን ደግሞ ሦስተኛ እርከን አለ። መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ መላሹ ጋሞኛ ወይም ዘይሴኛ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ መረጃ ሰብሳቢው እዚያው ቆሞ በአፉ ይተረጉማል። ጠዋት ሲቀላ የጠየቀውና ከሰዓት ሴቻ የጠየቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይሆን ይችላል። ለማንኛውም መላሽ ይህ ችግር ነው። ቃሉን በቃሉ ለሚሰማ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ሌላ ጥያቄ ነው።

ይሄን የምለው አካባቢው ለመጠይቅ እንግዳ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው፤ ሲጀመር በ9 ቀበሌዎች ነበር። ቤት ለቤት እየተዞረ ልደት፣ ሞትና የመኖሪያ ለውጥ ይመዘገባል። ሰው መጠየቅን የለመደ አገር፣ መጠየቅን የለመዱ ባለሙያዎች አሉ ማለት ነው። ጥሩ ጥያቄ ቢዘጋጅ የሚያደርሰው መንገድ ተሠርቷል።

ማን ነው የሚጠየቀው?

አገራችን ውስጥ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መወራት የጀመረው ሩቅ ጊዜ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜም ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ ኖሩ። ምርምሩም ተከተለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠየቀ፤ የልጆቻቸው ሁኔታ እንደሚያሳፍራቸው የተናገሩት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት መለኪያዎችን ወደ አማርኛ መልሰው፣ ለእኛ ኑሮ አስማምተው፣ በ300 አሳዳጊዎች ላይ ፈትነዋል። አንዱ የልጁን የመግባቢያ ችሎታ፣ ሌላው የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ የሚለካ ነው። እንዲህ ያለ አድካሚ ሥራ መሠራቱ ሊመሰገን ይገባል።

ግን አንድ ነገር አያችሁ? በሁለቱም ጥናቶች የተጠየቁት አሳዳጊዎች ናቸው። ለትንሽ ልጅ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። እናት የምታውቀውም ሌላ ማንም አያውቀውም። ልጁ 19 ዓመት ሲሞላውስ? እናቱ «ጓደኛ የለውም» ትላለች። እሱ ግን ሸማ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ድምፅ ሳያሰማ የሚውለውን የአጎቱን ልጅ ጓደኛዬ ይላል። ማንኛቸው ልክ ናቸው? ሁለቱም። ግን ስለ ራሱ ሕይወት የተመዘገበው የእሷ መልስ ብቻ ከሆነ፣ የጎደለው የእሱ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኦቲስቲክ የማኅበረሰብ ጥናት ሰው ዴሚያን ሚልተን አንድ ሐሳብ አነሳ። ኦቲስቲክ ሰውና ኦቲስቲክ ያልሆነ ሰው ሳይግባቡ ሲቀሩ ችግሩ በሁለቱም በኩል ነው አለ፤ አንዱ ሌላውን አልተረዳም፣ ሌላውም አንዱን። መጠይቅን በዚህ ዓይን እዩት። «አልተረዳም» የሚለውን ምልክት የምናደርገው ሁልጊዜ በመላሹ ስም ትይዩ ነው። በጠያቂው ስም ትይዩ ግን ባዶ ሳጥን እንኳ የለም።

መመሪያው የማይመልሳቸው ነገሮች

የኒኮላይዲስን ቡድን አመሰገንኩ፤ አሁን ጉድለቱን ልናገር።

አብዛኛው ምክር ማንበብ ለሚችልና ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ለሚሞላ ሰው ነው የሚስማማው። ከባድ ቃል ላይ ጠቅ ሲደረግ ትርጉሙ ይመጣል ይላል። ጨንቻ ላይ ጠቅ የሚደረገው መረጃ ሰብሳቢው ነው! ስለዚህ እኛ ጋ ማብራሪያው እሱ እንዳሻው የሚለው ሳይሆን አስቀድሞ በጋሞኛ ተጽፎ፣ ቃል በቃል የሚነበብ መሆን አለበት። የዝምታም ሕግ ያስፈልጋል፤ መላሹ ዝም ካለ «መልስ የለም» ከማለት በፊት በልብ እስከ 10 መቁጠር። ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ጎን ለጎን መቀመጥ፣ እጁ ሥራ ይዞ እንዲመልስ መፍቀድ። «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉ አማራጮችን ከሌሎቹ እኩል ማስቀመጥ።

ሥዕሉም የእኛ ይሁን። «ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ» የሚለውን በባዶ፣ በሩብ፣ በግማሽና በሙሉ ጀሪካን ብናሳየው ማንም ውኃ የቀዳ ሰው ያነበዋል። ከሥዕሉ ሥር ግን ቁጥር ይኑር፤ «ብዙ ጊዜ» ለአንዱ 3 ቀን ነው፣ ለሌላው 6።

ሁለተኛው ጉድለት ዋጋው ነው። ጥያቄ ሲብራራ ይረዝማል፣ ሲረዝም ያደክማል። «ባለፉት 7 ቀናት» ስንል የዓመቱን ሐዘን ልናጣው እንችላለን፤ ያ ሳምንት ደህና ሳምንት ከነበረ በቃ አመለጠን። አንድን የታወቀ መለኪያ ከቀየርነው ደግሞ ውጤቱን ከሌላ አገር ጋር ለማወዳደር እንቸገራለን። ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ መመሪያውም ራሱ ያነሳዋል። የእኔ መልስ ግን ግልጽ ነው። አርባ ምንጭንና ካምብሪጅን ያልገባን ነገር ይዘን ከማወዳደር፣ አርባ ምንጭን ብቻ በትክክል ማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ የማይናገሩ ሰዎች ናቸው። የቱንም ያህል የጠራ ዓረፍተ ነገር ብንጽፍ ለእነሱ ብቻውን አይደርስም። ሥዕል፣ ምልክት፣ ቀርቦ መመልከትና የሚያውቃቸው ሰው ያስፈልጋሉ። ጥያቄ ማጥራት ሁሉን ይፈታል ብዬ ብሸጥላችሁ እዋሻችኋለሁ።

እናንተስ?

ብዙዎቻችሁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ትገባላችሁ፤ አንድ ክረምት ላይ ታብሌት ተሰጥቷችሁ ቤት ለቤት ትዞሩ ይሆናል። ከዚያ በፊት ዛሬ የምትችሉት ሙከራ አለ። በምርምር ዓለም የሚሠራበት ዘዴ ነው፣ ብር አይፈልግም።

ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ለምሳሌ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ጩኸት። ከዚያ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች አንብቡላቸው፤ ለእናታችሁ፣ ለታናሽ ወንድማችሁ፣ ለጎረቤት። መልስ አትቀበሉ። ይህን ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ጥያቄ ምን እየጠየቀህ ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ።» ሦስቱ ሦስት ነገር ካሏችሁ እንደገና ጻፉት። ኦቲስቲክ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ፈቃደኛ ከሆኑ መጀመሪያ ከእነሱ ጀምሩ፤ እንደ ተጠያቂ ሳይሆን እንደ አራሚ። «የትኛውን ነው የምትለው?» ካሏችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ያን ጥያቄ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

የጨንቻውን ጥያቄ እኔ እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ከአጠገብህ ቤት ካለው ሰው ጋር ተጣልተህ ነበር? አሁንስ ስትገናኙ ሰላም ትባባላላችሁ?» ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ሁለት መስመር ላይ ይጻፍ። «ተጣልተህ» የሚለው መደባደብንም ስለሚጨምር አሁንም አላረካኝም። የተሻለ ካላችሁ ጻፉልን።